የመዝገብ ቤቷ ኤቫንቲያና ሁለቱ ቫርዲሶች

ኤቫንቲያ ካራታራኪ ፈሪ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። በልጅነቷ የመንደሩ ፖስተኛ ሞተሩን እያንጓጓ ሲመጣ አልጋ ሥር ትገባ ነበር። ስታገባ ቄሱ ስሟን ጮክ ብሎ ቢጠራት ከመደንገጧ የተነሣ አክሊሉ ከራሷ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። አለቃ ከጠራት እስከ ዛሬ ድረስ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ነው ከወንበሯ የምትነሣው። እንዲህ ያለች ሴት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ሠራች ቢባል፣ ፖሊስ መምሪያ። እግዜር መቀለድ ሲያምረው እንዲህ ያደርጋል።

ፖሊስ ግን አይደለችም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በቀርጤስ ደቡብ ዳርቻ ባለች ከተማ፣ ከመምሪያው ምድር ቤት፣ ሦስት ግድግዳ ሙሉ መሳቢያ ነበራት። በየመሳቢያው ካርድ፤ በየካርዱ ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር፣ የትውልድ ዘመን፤ ጥጉ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ቅጽል ስም። እዚያ አገር የበኩር ልጅ የአያቱን ስም ነው የሚወርሰው። አያትየው አራት ወንዶች ልጆች ካሉት በአራቱም ቤት የእሱን ስም የያዘ የልጅ ልጅ ይወለድለታል፤ የቤተሰቡም ስም ያው አንድ ነው። መንደሮቹ የመንገድ ስም የላቸው፣ የቤት ቁጥር የላቸው። ስለዚህ ሰው ከሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠያየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተባብሎ ነው። ኤቫንቲያ ካርዶቿን እንደ ዘመድ ታውቃቸው ነበር። አንዱ ፖሊስ ወርዶ «እስቲ ስታማቲስ የሚባለውን አውጪልኝ» ሲላት፣ «የቱን? አንካሳውን፣ ሌባውን፣ ወይስ ሌባ የሚመስለውን?» ትለው ነበር። በዓለም ላይ የማትፈራው በዚያ ምድር ቤት ብቻ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲሱ ሶፍትዌር መጣ። የመኪናውን መዝገብ፣ የስልኩን፣ የጦር መሣሪያ ፈቃዱን፣ የእስር ቤቱን፣ የእርሻ ቢሮውን፣ ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ ጨምሮ ማን ከማን ጋር እንደሚነካካ በመስመር እያገናኘ ያሳያል። ፖሊሶቹ «አማት» የሚል ስም አወጡላት። ሁሉን ታያለች፣ ምንም አትረሳም፣ ያየችውንም በክፉ ነው የምትተረጉመው። ካርዶቹ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሄዱ። በእርሳስ ለተጻፈው ቅጽል ስም አማት ውስጥ ቦታ አልተገኘለትም። የአባት ስምም ቢሆን ከዚያ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። አማት የተሠራችው የአባት ስም ከቁም ነገር በማይገባበት ሩቅ አገር ነውና፣ «ሌላ ስም» የምትል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ወሸቀችው፤ ሰው ሲያሻው የሚጽፈው፣ ሲያሻው የሚተወው ነገር አስመስላ።

ለኤቫንቲያ የተሰጣት ሥራ ሲያዩት ቀላል ነበር። አማት የተጠራጠረቻቸውን ሰዎች ሁለት ሁለት አድርጋ ስክሪኑ ላይ ታመጣና «እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?» ብላ ትጠይቃለች። «አዎ» ከተባለች ሁለቱን መዝገብ አዋህዳ አንድ ሰው ታደርጋቸዋለች፤ «አይደለም» ከተባለች ትተዋቸዋለች። ማን እንደመለሰ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደመለሰ ከሥር ይጻፋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤቫንቲያ እየፈራችም ቢሆን በደንብ ሠራች። ወደየመንደሩ ቡና ቤት እየደወለች፣ የእገሌ ልጅ ነው ወይስ የእገሌ እያለች ታጣራ ነበር። በቀን ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ይሆንላታል። ከዚያ ኮማንደር ጋላናኪስ ጠራት። የመምሪያው አለቃ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሲናገር መስኮት የሚያርገበግብ ዓይነት ነው።

«ሌላው ከተማ በቀን ሁለት መቶ ይጨርሳል፤ አንቺ ስድስት! ከላይ ዝርዝር ተልኮልኛል፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ ያለነው እኛ ነን። ምን እየሠራሽ ነው፣ ሹራብ?»

«ኮማንደር፣ አንዳንዶቹ የወንድማማች ልጆች ናቸው፣ ስማቸው አንድ ነው፣ አባታቸው ነው የሚለየው...»

«አማት ዘጠና ሰባት በመቶ አንድ ናቸው ካለች፣ አንቺ ማነሽ?»

ኤቫንቲያ ማን እንደሆነች መናገር አልደፈረችም። ወርዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ጥቂት አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲህ ስም፣ መንደርና የትውልድ ዘመን ከገጠመ «አዎ»ን መጫን ጀመረች። በወሩ መጨረሻ ከተማዋ ከዝርዝሩ መካከል ላይ ደረሰች። ኮማንደሩም በሠራተኞች ፊት አመሰገናት፤ ያን ጊዜም ቢሆን ደንግጣ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በግንቦት ነው፣ ተራራው ላይ ጦስኝ ሲያብብ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ውጭ ያለ ነዳጅ ማደያ ተዘረፈ፤ ቀጂው ሰውዬ ሆዱን በጥይት ተመታ። ሰማያዊ ፒክአፕ ሲሸሽ የታርጋውን ግማሽ አንዲት ሴት አይታለች። አማት ግማሹን ታርጋ በላች፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰውዬውን ተፋችው፦ ቫርዲስ ኮርናራኪስ፣ የካቶ ፕላጊያ መንደር ሰው፣ ዕድሜ ሃምሳ አንድ። ሁለት ጊዜ ታስሯል፤ ሁለተኛው ፖሊስ በጩቤ ወግቶ ነው። ሕጋዊ የአደን ጠብመንጃ አለው። ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍቷል፣ ሌላው ይሠራል፣ አሁንም ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ ነው ያለው።

ማክሰኞ ጠዋት ኮማንደሩ ስምንት የታጠቁ ሰዎች ይዞ ወጣ። ከመውጣታቸው በፊት በደንቡ መሠረት ሞባይሎቻቸውን ሰብስበው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። ኤቫንቲያ ወረቀት እያተመች ስታቀብል በጆሮዋ ሰምታዋለች፦

«ፖሊስ የወጋ ሰው ነው። ጠብመንጃ አለው። እጁ ላይ አንድ ነገር ካያችሁ እኔን አትጠብቁ» አለ ኮማንደሩ።

ስልኩን በስክሪን እየተከታተለ በሬዲዮ እንዲመራቸው ሳጅን አሪስቲዲስ ቀረ። የሠላሳ ዓመት ወጣት ነው፣ ኤቫንቲያን ይወዳታል፣ ከቤቷ የምታመጣለትን የቺዝ ኬክ ደግሞ ከእሷም በላይ ይወዳል። ኤቫንቲያ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ለእጇ ሥራ ፍለጋ ይመስል፣ ከቫርዲስ መዝገብ የቀረውን ቅጂ ማንበብ ጀመረች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ዓይኗ ቆመ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ጥር ዘጠኝ ቀን፣ ቫርዲስ ኮርናራኪስ አቴንስ አጠገብ እስር ቤት ነበር። ከዚያ በታች አራት መስመር ወርዶ፦ ጥር ዘጠኝ ቀን፣ ቫርዲስ ኮርናራኪስ የንብ ቀፎ ሊያስመዘግብ እዚሁ ከተማ እርሻ ቢሮ መጥቶ ፈርሟል።

ደግማ አነበበችው። ሰው እስር ቤት ሆኖ ቀፎ አያስመዘግብም። ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ «ሌላ ስም፦ ማኖሊስ፣ ሚሃሊስ» ይላል። ሁለት አባት። እናት ሁለት ጊዜ ልታገባ ትችላለች፣ ሰው ግን ከሁለት አባት አይወለድም። ከዚያም በታች «የተዋሐደበት ቀን» ብሎ፣ አጠገቡ «ያረጋገጠው፦ ኤ. ካራታራኪ»።

መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ስለሰውየው አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ጡረታዬ አለች በሆዷ። አሥራ አራት ወር ብቻ ቀርቶኝ። ከዚያ ነው ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው፤ ሲመጣም እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ከአናቷ እስከ እግሯ ወረደባት። ተራራው ላይ ያለው የየትኛው ቫርዲስ ስልክ ነው?

«አሪስቲዲስ፣ ልጄ፣ መልሳቸው።»

«ማንን?»

«እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። እየው! የሁለት ወንድማማቾች ልጆች። አንዱ ሌባ ነው፣ አንዱ ንብ አርቢ። እኔ ነኝ አንድ ያደረግኳቸው። መልሳቸው!»

ሳጅኑ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ሬዲዮውን አነሣ። አንድ ጊዜ ጠራ፤ ሁለት ጊዜ ጠራ። ሬዲዮው እንደሚጠበስ ዘይት ቸስ ከማለት በቀር መልስ የለውም።

«ገደሉ ውስጥ ገብተዋል እትዬ ኤቫንቲያ። እዚያ ሬዲዮ አይሠራም። ሲወጡ ከላይ ይደርሳሉ፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ከላይ ሲደርሱ የት ናቸው?»

ሳጅን አሪስቲዲስ ስክሪኑን አየ። ከላይ ሲደርሱ ሰውየው አጠገብ ናቸው። ሞባይሎቻቸው ደግሞ እዚሁ ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በዚያ ተራራ ላይ የሚሠራ ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚታደነው ሰው ስልክ ነው።

ኤቫንቲያ የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። ቁጥሩን ከቅጂው ላይ እያየች ስትጫን ሁለት ጊዜ ሳተች።

«እትዬ ኤቫንቲያ ምን እያደረጉ ነው? ለተጠርጣሪ? እስር ቤት ይገባሉ እኮ! ደግሞስ ሌባው ቢሆን የሚያነሣው? ዘጠኝ ሰው ነው እዚያ ያለን!»

እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ አልተነሣም። ደግማ ደወለች፤ አልተነሣም። በሦስተኛው አንድ ወንድ ከነንዴቱ አነሣው። ከኋላው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ አለ።

«አቤት!»

«ይቅርታ ጌታዬ... የቫርዲስ ኮርናራኪስ ስልክ ነው?»

«የመብራት ሰዎች ከሆናችሁ ኩባንያዬን አልቀይርም! ባለፈው ሳምንት ነግሬያችኋለሁ። በጨለማም ብቀመጥ ደስ ብሎኛል!»

«መብራት አይደለሁም! አይዝጉብኝ፣ በእመቤታችን!»

«ታዲያ ማነሽ?»

ሌባው ከሆነ፣ አሁን አንድ ቃል ካወጣች፣ ጠብመንጃውን አንሥቶ ድንጋይ ጀርባ ይተኛና የሚመጡትን ይጠብቃቸዋል። ከዚያ አስባበት ሳይሆን እንዲሁ ወጣላት፤ እናቷ፣ አያቷ፣ መንደሩ ሁሉ ሲጠይቅ እንደኖረው።

«የማን ልጅ ነዎት?»

«ምን?»

«አባትዎ ማን ነው? የማን ልጅ ነዎት?»

ወፍጮው አጓራ። የሰውየው ድምፅ ትንሽ ረገበ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የመብራት ሠራተኛ የለማ።

«የሚሃሊስ ነኝ። የሚሃሊስ የንቡ። አንቺስ የማን ነሽ?»

ያ የሚያጓራው ነገር ንብ ነበር። ኤቫንቲያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስማኝ» አለችው፤ «እርስዎ» የት እንደገባ አላወቀችም። «አሁን እጅህ ላይ ምን ይዘሃል?»

«ቀፎ ከፍቼ ምን እይዛለሁ? ማጨሻዬን ነዋ!»

«ፊትህስ ላይ?»

«መረቤ ነዋ! ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?»

ፊቱን የሸፈነ ሰው፣ እጁ ላይ የሚጨስ ብረት። ከሩቅ እንዴት እንደሚታይ ልክ እንደ ፎቶግራፍ መጣላት።

«ማጨሻውን ጣለው። መረቡን አውልቅ። ጠብመንጃህ የት ነው?»

«መኪናው ውስጥ፣ ለሸለምጥማጥ... ምንድን ነው ነገሩ?»

«አትጠጋው! ከመኪናው ራቅ፣ ሜዳው ላይ ቁጭ በል፣ ሁለት እጅህን ራስህ ላይ አድርግ።»

«ንቦቹ ፊቴን ይጨርሱታል!»

«ይጨርሱት!» ብላ ጮኸች፤ በዕድሜዋ ሰው ላይ ጮኻ የማታውቀዋ ኤቫንቲያ። «ፖሊሶች እየመጡብህ ነው። የሚፈልጉት ያጎትህን ልጅ ነው፣ የሚያገኙት አንተን ነው። አደራህን፣ እንዳትሮጥ! ከሮጥክ ይገድሉሃል!»

አንድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማት። ከዚያ ከሩቅ የሰዎች ጩኸት፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ስክሪኑ ላይ አዲስ ነጥብ በራ። ከቫርዲስ ኮርናራኪስ ስም ቀጭን መስመር ወጣና ነጥቡ ድረስ ሄደ፤ ነጥቡ ሥር «ኤቫንቲያ ካራታራኪ፣ 3 ጥሪ፣ ዛሬ» የሚል ጽሑፍ ነበር። አማት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ሦስት ደቂቃ ኤቫንቲያ ዛሬም ማስታወስ አትወድም። ውኃ ሊያጠጣት የሞከረውን ሳጅን መልሳ ገፋችው። አእምሮዋ ያንኑ ያንኑ እየመላለሰ ነበር፦ ባይቀመጥስ? ንቦቹ ሲነድፉት እጁን ቢያወራጭስ? አንድ ንብ ዓይኑ ላይ ብታርፍ እጁን አንሥቶ የማያባርር ማን አለ? «እጁ ላይ አንድ ነገር ካያችሁ» ብሎ ነበር ኮማንደሩ። በጣቷ የወንበሩን ቆዳ እየቀደደች መሆኗን እንኳ አላወቀችም።

በመጨረሻ ሬዲዮው አፍ አወጣ። «ተይዟል» አለ።

አሪስቲዲስ ጠየቀላት።

«በሕይወት?»

«በሕይወት። ግን ፊቱ ዱባ አክሏል።»

የቀረውን በሬዲዮ ቢናገር የኤቫንቲያ ጥሪ ለሁሉም ይሰማል፤ አሪስቲዲስ ሬዲዮውን አስቀመጠው።

ለእኩለ ቀን ጥቂት ሲቀረው አመጡት። ደንዳና ሰው ነው፣ ነጭ የንብ ልብሱ ጭቃ ሆኗል፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ስንጥቅ ሆነዋል። መሬት ላይ ሲያስተኙት በጠብመንጃ ሰደፍ የመቱት ከንፈሩ ይደማል። ኮማንደር ጋላናኪስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

«ስንደርስ እጅህን ራስህ ላይ አድርገህ ቁጭ ብለህ ነበር። ንጹሕ ሰው እንዲህ አድርጎ አይጠብቅም። ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

«ስልክህ ላይ ሦስት ጥሪ አለ።»

«የመብራት ሰዎች ናቸው» አለ ቫርዲስ የሚሃሊስ ባበጠ አፉ። «ቀይር ቀይር ይሉኛል።»

«ግብረ አበር አለህ ማለት ነው። ከዚሁ ከውስጥ። ስሙን ስጠኝ፣ ፍርድህ ይቀልልሃል።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ያቺ በስልክ የጮኸችበት ሴት ማን እንደሆነች አያውቅም፣ ፊቷን አላየም፤ ግን ከሞት አትርፋዋለች፤ አሳልፎ አይሰጣትም፣ በቃ። ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ራሱን ይበልጥ እየቀበረ ነው። ሳጅን አሪስቲዲስ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። እሱም አይናገርም፤ ኤቫንቲያ ይህን አውቃለች። ዝም ብትል፣ ስሟን አማት ላይ እስኪያዩት፣ ቢያንስ እስከ ማታ ታተርፍ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልሰማትም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«እኔ ነኝ የደወልኩት ኮማንደር። ይህ ሰው ሌላ ሰው ነው።»

ቢሮው ውስጥ አስገባት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ ጥር ዘጠኝን በጣቷ አሳየችው፣ ሁለቱን አባቶች አሳየችው፣ የራሷንም ስም አሳየችው። ኮማንደሩ ሲጀምር ጮኸ፤ ከዚያ ደጋግሞ አነበበው። በሦስተኛው ንባቡ ላይ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ኤቫንቲያ ኮማንደር ጋላናኪስ ሲፈራ አይታ አታውቅም ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ አስደነገጣት።

«እንዲህ አድርገሽ ስንት ሰው አዋሕደሻል?» አላት በቀስታ።

ቁጥሩን ታውቀዋለች። አማት በየወሩ መጨረሻ ትነግራታለች።

«ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ኮማንደሩ መስኮቱን አየ። መኪና ማቆሚያው ላይ ቡድኑ የጥይት መከላከያውን እያወለቀ ይሳሳቃል።

«በሩን ዝጊው» አለ። «ይሄ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀን እንለቀዋለን፣ አንቺም ጡረታሽ ደርሷል። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ገባሽ? በሩን ዝጊው ኤቫንቲያ።»

ተነሣች። እስከ በሩ ሄደች፣ እጀታውን ያዘች። ኮሪደሩ ላይ ሰውየው ብቻውን ተቀምጧል፤ እጁ ገና አልተፈታም፤ ፊቱ ላይ የቀሩ የንብ እሾሆች ይታያሉ። ሳትዘጋው ወጣች፤ ከፊቱ ሄዳ ቆመች።

«የመብራቷ ነሽ?» አላት፣ ቅድም «እኔ ነኝ የደወልኩት» ስትል ሰምቶ።

«እኔ ነኝ። ያጎትህንም ልጅ ከአንተ ጋር አንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ፣ ፈርቼ። አንተን ብቻ አይደለም። ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።»

ከኋላዋ ኮማንደሩ ስሟን ጠራ። ስሟ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ልቧ እንደ ወትሮው ዘለለ። ቫርዲስ የሚሃሊስ ባበጠው ዓይኑ ስንጥቅ በኩል አያት፤ ቁጥሩን በሆዱ የሚያሰላ ይመስል ነበር።

«ለእነሱስ ደወልሽላቸው?» ብሎ ጠየቃት።